ከአካባቢ ፋውንዴሽን ግራንት እንዴት ይገኛል? ከጥሪው እስከ መጨረሻው ሪፖርት

ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ትንሽ የማኅበረሰብ ድርጅት አለን፤ እዚሁ አካባቢ ያለ አንድ ፋውንዴሽን እንደኛ ላሉት ግራንት ይሰጣል አሉን፤ ከየት እንጀምር?» ግራንት ማለት እንደ ብድር ተመልሶ የማይከፈል የገንዘብ ድጋፍ ነው። አንዳንዱ የሚጠይቀኝ ፕሮፖዛሉን፣ ማለትም የማመልከቻውን ጽሑፍ፣ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጥሪው፣ ማለትም ፋውንዴሽኑ «አመልክቱ» ብሎ ያወጣው ማስታወቂያ፣ ሊዘጋ ሲል። መልሴ ለሁሉም ያው ስለሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ማመልከቻችሁን የሚያነቡት ሰዎች ችግር መኖሩን አይጠራጠሩም። እዚያው አካባቢ ስለሚኖሩ በደንብ ያውቁታል። እነሱ የሚያዩት ችግሩ፣ ሥራውና በጀቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይስማማሉ ወይስ ይጋጫሉ የሚለውን ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ እነዚህን ሦስቱን ለማስማማት ነው።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚወጣ

ይህን ሳያውቁ ማመልከት ብዙ ልፋት ያስከፍላል፤ ስለዚህ በአጭሩ እንየው።

የአካባቢ ፋውንዴሽን ከብዙ ለጋሾች ገንዘብ ይሰበስባል። ብዙ ጊዜ ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ ኢንቨስት ይደረጋል። ግራንት ሆኖ የሚወጣው በየዓመቱ የሚቆረጥ ድርሻ ነው፤ በብዙ ፋውንዴሽኖች ዘንድ ከጠቅላላው ሀብት ከ4 እስከ 5 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ትልቅ ሀብት አለው የሚባለው ፋውንዴሽን በዓመት የሚሰጠው እናንተ ከገመታችሁት በጣም ሊያንስ ይችላል። ከዚያም ላይ የተወሰነው ለጋሾቹ ራሳቸው አስቀድመው ለአንድ ዓላማ ያሰሩት ነው። አንዱ «ለነጻ ትምህርት ዕድል ብቻ» ብሎ ሰጥቷል፣ ሌላው «ለእነዚህ ድርጅቶች በየዓመቱ» ብሎ ወስኗል። ይህን ሠራተኞቹ ወደ ሌላ ሥራ ማዞር አይችሉም። እናንተ የምትወዳደሩት ለማንም ክፍት በሆነው ቀሪ ገንዘብ ላይ ነው።

ውሳኔውም በአንድ ሰው እጅ አይደለም። መጀመሪያ የፕሮግራም ኃላፊዋ ማመልከቻዎቹን ያጣራሉ። ከዚያ ገምጋሚ ኮሚቴ አንብቦ ነጥብ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ አባላቱ በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ ቦርዱ ያጸድቃል። ቦርዱ በዓመት የሚሰበሰበው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ፣ ካመለከታችሁበት ቀን አንስቶ ገንዘቡ ባንክ እስኪገባ ከ3 እስከ 6 ወር ቢፈጅ አይግረማችሁ። በሚቀጥለው ወር የምትከፍሉትን ደመወዝ በዚህ ግራንት አታስቡ።

ግራንቱም አንድ ዓይነት አይደለም። የፕሮጀክት ግራንት ለአንድ የተወሰነ ሥራ ነው፤ በብዛት የሚሰጠውም እሱ ነው። አጠቃላይ የሥራ ማስኬጃ ግራንት ኪራይም፣ ደመወዝም፣ መብራትም ይሸፍናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚሰጠው ፋውንዴሽኑ ቀድሞ ለሚያውቃቸው ድርጅቶች ነው። የአቅም ግንባታ ግራንት ለሥልጠና፣ ለሒሳብ ሶፍትዌር፣ ለቦርድ ማጠናከሪያ ይውላል። የካፒታል ግራንት ለሕንፃና ለዕቃ ነው። ጥሪው የትኛውን ዓይነት እንደሚል ሳታዩ አንድ መስመር እንኳ አትጻፉ።

አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት

እነዚህን በአንድ ፎልደር ሰብስባችሁ አስቀምጡ። ጥሪ ሲወጣ መሯሯጥ የለም፤ ለሚቀጥለውም ማመልከቻ ይሆናችኋል።

• የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ ጊዜው ያላለፈበት
• መተዳደሪያ ደንብ
• የቦርድ አባላት ዝርዝር፣ ከሥራ ድርሻቸው ጋር
• የግብር መለያ ቁጥርና ከግብር ነጻ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ካላችሁ
• በድርጅቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ማረጋገጫ (በግለሰብ ስም የተከፈተ ሒሳብ አይሠራም)
• ያለፈው ዓመት የሒሳብ ሪፖርት፣ ኦዲት የተደረገ ከሆነ የኦዲት ሪፖርቱ
• የዘንድሮው ዓመት የድርጅቱ ጠቅላላ በጀት
• ያለፈው ዓመት የሥራ ሪፖርት
• ሥራውን የሚመሩት ሰዎች አጭር የሥራ ልምድ
• ከልጆች ጋር የምትሠሩ ከሆነ የልጆች ጥበቃ ፖሊሲ
• አብሯችሁ የሚሠራ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሌላ ድርጅት ካለ የትብብር ደብዳቤ

ገና ያልተመዘገበ ቡድን ከሆናችሁ ነገሩ አልቆለታል ማለት አይደለም። ብዙ ፋውንዴሽኖች ሕጋዊ ሰውነት ያለው ሌላ ድርጅት ገንዘቡን ተቀብሎ በኃላፊነት እንዲያስተዳድርላችሁ ይፈቅዳሉ። ፊስካል ስፖንሰር ይሉታል። ያ ድርጅት ለአገልግሎቱ የተወሰነ መቶኛ ይወስዳል። ስለዚህ መጠኑን፣ ማን እንደሚፈርምና ገንዘቡን በስንት ቀን እንደሚለቅላችሁ ከማመልከታችሁ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። በቃል ብቻ የተደረገ ስምምነት ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ጓደኛሞችን ሲያጣላ አይቻለሁ።

ደረጃ 1፦ ከዚህ በፊት ለማን እንደሰጡ አጥኑ

መመሪያቸውን ሁሉም ሰው ያነባል። እናንተ ከዚያ አልፋችሁ ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ለማን፣ ለምን ሥራ፣ ስንት እንደሰጡ ፈልጉ። ዓመታዊ ሪፖርታቸው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ኤክሴል ላይ አራት ዓምድ ክፈቱ፦ የተቀባዩ ድርጅት ስፋት፣ የሥራው ዓይነት፣ የገንዘቡ መጠን፣ የቆይታው ጊዜ።

ለምን አስፈለገ? መመሪያው ምኞታቸውን ነው የሚነግራችሁ። ዝርዝሩ ግን ያደረጉትን ያሳያል። መመሪያው ላይ «ትምህርት» የሚል ቃል አይታችሁ የጎልማሶች ትምህርት ልታቀርቡ ትችላላችሁ፤ ዝርዝሩን ስታዩት ግን የሰጡት በሙሉ ለሕጻናት ከሆነ ቢያንስ አስቀድማችሁ መጠየቅ አለባችሁ። መጠኑም እንዲሁ ነው። ግራንቶቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድራችሁ መሃል ላይ የሚውለውን ቁጥር አግኙ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታመለክቱ ከሆነ የምትጠይቁት እዚያ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። አንድ ፋውንዴሽን ለማያውቀው ድርጅት ትልቁን ግራንቱን የሚሰጥበት አጋጣሚ በጣም ጥቂት ነው።

ደረጃ 2፦ ብቁ መሆናችሁን ጨክናችሁ አረጋግጡ

የብቁነት መስፈርቶቹን አንድ በአንድ እየጠቀሳችሁ «አዎ» ወይም «አይደለም» በሉ። «ምናልባት» የሚል መልስ ካለ ወደ ደረጃ 3 ውሰዱት። «አይደለም» ካለ አቁሙ። ጊዜያችሁን ለሌላ ጥሪ አውሉት።

ፋውንዴሽኖች አብዛኛውን ጊዜ የማይሰጡባቸው ነገሮች አሉ፦ ለግለሰብ፣ ለፖለቲካ ምርጫ ቅስቀሳ፣ ዕዳ ለመክፈል፣ ቀድሞ ለወጣ ወጪ፣ ከአገልግሎት ክልላቸው ውጭ ላለ ሥራ። የሃይማኖት ተቋማት ለማኅበራዊ አገልግሎት ሊያመለክቱ ይችሉ ይሆናል፤ ለአምልኮ የሚውል ወጪ ግን በብዙ ቦታ አይሸፈንም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጥሪውን ለመምሰል ብላችሁ ሥራችሁን አትለውጡ። አረጋውያንን የምትንከባከቡ ሆናችሁ ጥሪው የወጣቶች ስለሆነ ብቻ «የወጣቶች ክፍል» ብትፈጥሩ፣ ገንዘቡን ብታገኙ እንኳ የማታውቁትን ሥራ ለዓመት ስትጎትቱ ትከርማላችሁ። አረጋውያኑም ይጎዳሉ።

ደረጃ 3፦ ከመጻፋችሁ በፊት ደውሉ

ብዙ ሰው ይህን ይፈራል። ለምን እንደሚፈራ ይገባኛል፤ ገንዘብ ያለውን ሰው በስልክ ማስቸገር ይመስላል። ግን ጥያቄ መመለስ የፕሮግራም ኃላፊዋ ሥራ ነው። የማይሆን ማመልከቻ ከማንበብ አስር ደቂቃ ማውራት ለእሳቸውም ይቀላል። መመሪያው «አትደውሉ» ካለ ብቻ በኢሜይል ጠይቁ።

ስትደውሉ ራሳችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስተዋውቁ። ከዚያ መመሪያው ላይ መልስ የሌላቸውን ጥያቄዎች ጠይቁ፦

• ሥራችን ይህን ይመስላል፤ ከዘንድሮ ትኩረታችሁ ጋር ይሄዳል?
• ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያመለክት ድርጅት ምን ያህል መጠየቅ ተገቢ ነው?
• ባለፈው ዙር ያልተሳካላቸው ማመልከቻዎች በብዛት የጎደላቸው ምን ነበር?

ሦስተኛው ጥያቄ ወርቅ ነው። መልሱን ቃል በቃል ጻፉትና ፕሮፖዛሉን ስትጨርሱ መልሳችሁ አንብቡት። «ለዘንድሮ አይመስለኝም» ካሏችሁም አመስግኑ፤ የወር ልፋት ነው ያተረፉላችሁ።

ደረጃ 4፦ ችግሩን በአንድ አንቀጽ ጻፉ

እዚህ ላይ ሰው ይበዛበታል። ድህነት በዓለም ላይ እንዴት እንደተስፋፋ ሁለት ገጽ ይጽፋል። ገምጋሚው ዓለምን አልጠየቀም። የጠየቀው እናንተ የምትሠሩበት ሰፈር ውስጥ ማን፣ ስንት ሰው፣ በምን ምክንያት፣ ምን እንደጎደለበት ነው።

ደካማው እንዲህ ይላል፦ «በአካባቢያችን ያሉ በርካታ ልጆች በትምህርታቸው ወደ ኋላ በመቅረታቸው ከፍተኛ ችግር ውስጥ ይገኛሉ።»

የተሻለው እንዲህ፦ «አብረነው በምንሠራው ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ካሉት 90 ተማሪዎች 34ቱ አጭር አንቀጽ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ ትምህርት ቤቱ በዓመቱ መጀመሪያ በሰጠው ፈተና ታይቷል። የአብዛኞቹ ወላጆች ማታ ስለሚሠሩ ቤት ውስጥ የሚያስነብባቸው የለም።»

ሁለተኛው ውሃ የሚያነሳው ቁጥር ስላለው ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ተናግሯል። ምክንያቱንም ጠቁሟል፤ ምክንያቱ ሲታወቅ ደግሞ መፍትሔው ራሱ እየተከተለ ይመጣል። ማታ የሚያስነብብ ሰው ከሌለ፣ የሚያስነብብ ሰው የሚገኝበት ሰዓትና ቦታ ማዘጋጀት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የምታገለግሏቸውን ሰዎች አታዋርዱ። አንጀት ለመብላት ብሎ ሰውን ምስኪን አድርጎ መሣል ተገቢ አይደለም፤ ገምጋሚዎቹም ይከፋቸዋል። የሰው ታሪክ ካስገባችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ስሙንና መለያውን ቀይሩ። የልጅ ፎቶ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይገባም።

ደረጃ 5፦ የምትሠሩትንና የሚለወጠውን ለዩ

ይህ ደረጃ ብዙ ማመልከቻ የሚወድቅበት ነው። አራት ነገሮች አሉ፤ አትቀላቅሏቸው። በንባቡ ምሳሌ እንያቸው።

ግብዓት የምትጠቀሙበት ነው፦ 3 አስጠኚዎች፣ አንድ ክፍል፣ መጻሕፍት።
ተግባር የምታደርጉት ነው፦ ለ36 ሳምንት፣ በሳምንት 2 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት ማስነበብ።
ቀጥተኛ ውጤት የሚቆጠረው ነው፦ 30 ልጆች፣ 72 የንባብ ክፍለ ጊዜ።
ለውጥ ማለት ደግሞ ልጆቹ ላይ የሚታየው ነው፦ ከ30ዎቹ ቢያንስ 20ዎቹ በዓመቱ መጨረሻ የክፍላቸውን ደረጃ ጽሑፍ አንብበው ይረዳሉ።

«72 ክፍለ ጊዜ እንሰጣለን» ማለት ለውጥ አይደለም። ልጆቹ 72 ጊዜ መጥተው ምንም ላያነቡ ይችላሉ። ፋውንዴሽኑ ደግሞ ለቦርዱና ለለጋሾቹ የሚያቀርበው ምን እንደተለወጠ ነው፤ እናንተ ካልነገራችሁት የሚናገረው የለውም።

ለውጡን እንዴት እንደምትለኩም ጻፉ። ውድ ጥናት አያስፈልግም። ያው ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ፈተና በመጀመሪያና በመጨረሻ ይወሰድ፤ የመገኘት መዝገብ ይያዝ፤ በዓመቱ አጋማሽ ላይ ከወላጆች ጋር አንድ ውይይት ይደረግ። በቃ። ዋናው ነገር የመጀመሪያው መለኪያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መያዝ አለበት። መነሻው ካልታወቀ በኋላ ላይ ምንም ማሳየት አይቻልም።

ግቡን አታጋንኑ። «30ውም ልጆች» የሚል ሰው ሥራውን እንደማያውቀው ገምጋሚው ወዲያው ይረዳል። መሃል ላይ ሰፈር የሚለቅ ቤተሰብ አለ፣ የሚታመም ልጅ አለ። የምትደርሱበትን ቁጥር ጻፉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሪፖርት የሚጠየቀው በዚያ ነው።

ደረጃ 6፦ በጀቱን ከሥራው ላይ አውጡ

በጀት የሚጀመረው «ስንት ይሰጣሉ?» ከሚለው አይደለም። ደረጃ 5 ላይ የጻፋችሁትን ተግባር አንድ በአንድ ይዛችሁ «ይህን ለማድረግ ምን ያስፈልጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። እያንዳንዱ መስመር ስሌት ይኑረው፦ ብዛት፣ በጊዜ፣ በአንድ ዋጋ።

ለምሳሌ የአስጠኚ ክፍያ «ለአስጠኚዎች» ተብሎ አንድ ድምር ቁጥር አይጻፍም። 3 አስጠኚዎች፣ በሳምንት 4 ሰዓት፣ ለ36 ሳምንት ማለት 432 ሰዓት ነው። ይህ በሰዓት ክፍያው ይባዛ። ገምጋሚው ስሌቱን ሲያየው ከሥራው ዕቅድ ጋር ያስተያየዋል፤ ሲገጥምለት ደግሞ ሌላውንም መስመር ማመን ይጀምራል። ዕቅዱ ላይ 3 አስጠኚ፣ በጀቱ ላይ 4 አስጠኚ ካለ ግን የቀረውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው። ይህ ስህተት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉን አንድ ሰው፣ በጀቱን ሌላ ሰው ሲሠራውና ሁለቱ ሳይገናኙ ሲላክ ነው። ከመላካችሁ በፊት ሁለቱን ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧቸው።

የአስተዳደር ወጪን (ኦቨርሄድ የሚባለውን) አትደብቁ። የሒሳብ ሠራተኛው ሰዓት፣ የቢሮ ኪራይ ድርሻ፣ ኢንተርኔት፣ ኦዲት የሥራው አካል ናቸው። ሰው «ኦቨርሄድ ካዩ ይጥሉናል» ብሎ ዜሮ ይጽፋል፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ድርጅቱ ከኪሱ ይደጉማል፣ ሠራተኛው ያለ ክፍያ ያመሻል፣ መጨረሻ ላይ ሪፖርቱ ይዘገያል። መመሪያው ጣሪያ ካስቀመጠ በጣሪያው ውስጥ ጠይቁ። ምንም ካላለ ኃላፊዋን ጠይቁና ምክንያታችሁን በአጭሩ አስረዱ።

ከበጀቱ ጋር የሚሄድ ማብራሪያም ጻፉ። ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ምንድን ነው፣ ለምን አስፈለገ፣ ዋጋው ከየት መጣ። ለዕቃ ግዢ የዋጋ ማቅረቢያ ካላችሁ አያይዙ።

ሌላ የገቢ ምንጭ ካላችሁ አሳዩት። ትምህርት ቤቱ ክፍሉን በነጻ ከሰጠ ያ ገንዘብ ነው፤ ብትከራዩት የሚያስከፍላችሁን ገምታችሁ «በዓይነት የተገኘ» በሚል መስመር አስገቡት። የበጎ ፈቃደኞች ሰዓትም እንዲሁ። አንዳንድ ፋውንዴሽኖች ተጓዳኝ ገንዘብ ይጠይቃሉ፦ እኛ ይህን ስንሰጥ እናንተ ከሌላ ቦታ ይህን ያህል አምጡ ይላሉ። በዓይነት የተገኘው ከዚያ ላይ ይቆጠር እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ የሚቆጥሩም የማይቆጥሩም አሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድን ወጪ ለሁለት ለጋሽ ሙሉ በሙሉ አታስከፍሉ። የአስተባባሪው ደመወዝ ግማሽ ከዚህ፣ ግማሽ ከዚያ ከሆነ ችግር የለውም፤ ግን በሁለቱም በጀት ላይ በግልጽ ይጻፍ። ተደብቆ ኦዲት ላይ ከተገኘ ገንዘቡን መመለስ ብቻ ሳይሆን የድርጅቱ ስም ይጠፋል። የአንድ አካባቢ ለጋሾች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ።

ደረጃ 7፦ ጻፉት፣ ከዚያ ለማያውቅ ሰው ስጡት

የተጠየቀውን ጥያቄ፣ በተጠየቀበት ቅደም ተከተል መልሱ። ጥያቄው «እነማንን ታገለግላላችሁ?» ከሆነ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ የምታገለግሏቸውን ሰዎች ይናገር፤ የድርጅቱ አመሠራረት እዚያ ቦታ የለውም። ገምጋሚዎቹ ነጥብ የሚሰጡት በቅጽ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱን ፈልገው ካጡት፣ ሌላ ገጽ ላይ ቢኖር እንኳ ዜሮ ሊሰጡ ይችላሉ።

ማጠቃለያው ፊት ላይ ቢሆንም መጨረሻ ላይ ጻፉት። አምስት ነገር ይያዝ፦ ማን ናችሁ፣ ለማን፣ ምን ልትሠሩ ነው፣ ምን ይለወጣል፣ ስንት ትጠይቃላችሁ። አንዳንዱ የቦርድ አባል የሚያነበው ይህን ብቻ ነው።

ከዚያ ስለ ሥራችሁ ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡና ያንብበው። አርትዖት እንዲሠራ አይደለም። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ተቀበሉትና «ምን ልንሠራ ነው?» በሉት። በራሱ አፍ መናገር ካቃተው ገምጋሚውም ያቅተዋል። «ሁለንተናዊ አቅምን በማጎልበት ዘላቂ ተጠቃሚነትን ማረጋገጥ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች እዚህ ላይ ይጋለጣሉ፤ አውጧቸውና የምትሠሩትን ጻፉ።

ደረጃ 8፦ ከመጨረሻው ቀን ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩ

በኦንላይን ቅጽ ከሆነ ጥሪው እንደወጣ አካውንት ክፈቱ፤ ማረጋገጫ ለማግኘት ቀናት የሚፈጅበት ጊዜ አለ። መልሶቹን ግን በራሳችሁ ፋይል ላይ ጽፋችሁ ገልብጡ፤ ቅጹ ላይ በቀጥታ የምትጽፉት ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሊጠፋ ይችላል። ገደቡ በቃል ነው ወይስ በፊደል ብዛት? ክፍት ቦታስ ይቆጠራል? ይህን አጣሩ። አባሪዎቹን ፒዲኤፍ አድርጉና የፋይል ስም ላይ የድርጅታችሁን ስም አስገቡ። ከላካችሁ በኋላ ማመልከቻው መድረሱን የሚገልጸውን ማረጋገጫ ጠብቁና አስቀምጡት። ካልመጣ በማግስቱ ጠይቁ። ሁለት ቀን ቀደም በሉ ያልኩትም ለዚሁ ነው።

ደረጃ 9፦ ሊጎበኟችሁ ሲመጡ

የመጨረሻ ዙር የደረሱትን ብዙ ፋውንዴሽኖች ሄደው ያያሉ ወይም ስብሰባ ይጠራሉ። ሥራው በተለመደው መልኩ እየተሠራ ይዩት። ድግስ አያስፈልግም። ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ይኑር፣ አንድ የቦርድ አባል ይኑር፣ ሒሳቡን የሚያውቀው ሰው ይኑር። ማመልከቻውን የጻፈው የተቀጠረ አማካሪ ከሆነ እሱ መልስ እንዲሰጥ አታድርጉ፤ ማየት የሚፈልጉት እናንተን ነው። የማታውቁት ጥያቄ ሲመጣ «አጣርተን እስከ አርብ እንልክላችኋለን» በሉና እስከ አርብ ላኩ።

ደረጃ 10፦ መልሱ ሲመጣ

«አልተሳካም» ካሉ በትሕትና ጻፉና ምክንያቱን ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ይነግሯችኋል። ብዙ ጥሩ ማመልከቻ የሚወድቀው ገንዘቡ ስላለቀ ነው፤ ያ ከሆነ በሚቀጥለው ዙር አስተካክላችሁ መልሳችሁ አቅርቡ። ክርክር ውስጥ አትግቡ።

«ተሳክቷል» ካሉ ስምምነቱን ከመፈረማችሁ በፊት መስመር በመስመር አንብቡ፦ ገንዘቡ ለምን ብቻ ይውላል? ጊዜው ከመቼ እስከ መቼ ነው? በአንዴ ነው ወይስ በክፍያ ተከፋፍሎ የሚመጣው? ሁለተኛው ክፍያ በምን ቅድመ ሁኔታ ነው የሚለቀቀው? ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለሳል? ስማቸውን እንዴት መጠቀም አለባችሁ? የጠየቃችሁትን ሙሉውን ካልሰጡ ደግሞ ዕቅዱን ሳታስተካክሉ አትፈርሙ። ግማሽ ገንዘብ ተቀብሎ ሙሉ ሥራ ለመሥራት መፈረም ለድርጅቱም ለሠራተኛውም ሸክም ነው። «በዚህ መጠን 30 ሳይሆን 16 ልጆች ነው የምንይዘው» ብላችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።

ደረጃ 11፦ ገንዘቡን ለይታችሁ ያዙ፣ ሪፖርቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ

የተለየ የባንክ ሒሳብ ባይጠየቅ እንኳ በሒሳብ መዝገባችሁ ላይ ለግራንቱ የራሱ ኮድ ስጡት። እያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ፣ የክፍያ ማዘዣና የበጀት መስመሩ ቁጥር ይኑረው። ክፍያ የሚያጸድቀውና ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ለየቅል ይሁኑ። ድርጅቱ ሦስት ሰው ብቻ ቢኖረውም አንድ የቦርድ አባል ሁለተኛ ፈራሚ መሆን ይችላል።

ዕቅድ ይለወጣል፤ ነውር የለውም። ነውሩ ሳይናገሩ መለወጥ ነው። ከአንድ መስመር ወደ ሌላ ገንዘብ ማዛወር ከፈለጋችሁ ስምምነቱ ምን ያህል እንደሚፈቅድ እዩ። ብዙዎች እስከ 10 በመቶ ያለ ፈቃድ ይተዋሉ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ከማውጣታችሁ በፊት በጽሑፍ አስፈቅዱ። በስልክ የተሰጠ ፈቃድንም «ዛሬ እንደተነጋገርነው» ብላችሁ በኢሜይል አረጋግጡ፤ ኃላፊዋ ሥራ ሊለቁ ይችላሉ።

ለሪፖርቱ በየወሩ ግማሽ ቀን መድቡ። የመገኘት መዝገቡ ይሰብሰብ፣ ወጪው ከበጀቱ ጋር ይመሳከር፣ አንድ የተፈጠረ ነገር በሁለት መስመር ይጻፍ። ሪፖርቱ ላይ ያልተሳካውንም አስገቡና ምን እንዳደረጋችሁበት ንገሯቸው። 20 ብላችሁ 15 ላይ ከደረሳችሁ፣ ለምን እንደሆነና ምን እንዳስተካከላችሁ የሚናገር ሪፖርት ከልክ በላይ ከተቀባባው ይልቅ ሁለተኛ ግራንት የማምጣት ዕድል አለው።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

አንድን ፕሮፖዛል ለአምስት ፋውንዴሽን መላክ። የሌላ ፋውንዴሽን ስም ሳይቀየር የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ያ ማመልከቻ እዚያው ላይ ያበቃል።

የማኅበረሰቡን ሰዎች ሳያማክሩ መጻፍ። ልጆቹ ማክሰኞ ማታ መምጣት ይችሉ እንደሆነ ወላጆቹን ጠይቃችኋል? ካልጠየቃችሁ የ36 ሳምንቱ ዕቅድ ግምት ብቻ ነው።

ለአማካሪ ከሚገኘው ግራንት ላይ መቶኛ ለመክፈል መስማማት። በግራንት ጸሐፊዎች ሙያ ውስጥ ይህ ከሥነ ምግባር ውጭ ተደርጎ ይታያል፤ ብዙ ለጋሾችም አይፈቅዱም። ለአማካሪ የምትከፍሉ ከሆነ ለሠራበት ሰዓት ክፈሉ፣ ከራሳችሁ ገቢ።

ሁሉንም ተስፋ በአንድ ፋውንዴሽን ላይ መጣል። ትኩረታቸው በተለወጠ ዓመት ድርጅቱ ይዘጋል።

«ገንዘቡ ሲያልቅስ?» ለሚለው ጥያቄ «ሌላ ለጋሽ እንፈልጋለን» ብሎ መመለስ። የትኛው የሥራው ክፍል ያለ ግራንት እንደሚቀጥል ለይታችሁ ጻፉ። ለምሳሌ በንባቡ ሥራ፦ ክፍሉን ትምህርት ቤቱ መስጠቱን ይቀጥላል፤ መጻሕፍቱ አሉ፤ ሁለት መምህራን ሠልጥነዋል፤ የሚቀረው የአስጠኚዎቹ ክፍያ ነው። ለዚያም በሁለተኛው ዓመት ግማሹን ከአባላት መዋጮ፣ ግማሹን ከሌላ ግራንት ለመሸፈን አስባችሁ ከሆነ ቁጥሩን አስቀምጡት።